«ነፃ ነው» ከተባለ በኋላ፦ የደም ምርመራ ወሰንና አማራጭ ነን የሚሉ ምርመራዎች

በወሎ ከጤና ጣቢያ ወይም ከክሊኒክ የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ ጎረቤት ሲያገኘው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን አሉህ?» ተብሎ ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ነፃ ነው»። ደሙ ታየ፣ ሽንቱ ታየ፣ ሰገራው ታየ፣ ሁሉም ነፃ ሆነ። አንዱ «አልሐምዱሊላህ»፣ ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል፤ ሰውየው ግን ድካሙ ሳይለቀው፣ ራስ ምታቱ ሳይተወው፣ የጠፋ እንቅልፉ ሳይመለስ ወደ ቤቱ ይገባል። ነፃ በሚለው ወረቀትና ነፃ ባልሆነው ሰውነት መካከል የቀረው ክፍተት ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ፤ ምክንያቱም ክፍተቱን እንሞላለን የሚሉ ሌሎች ምርመራዎች ገበያ ያገኙት እዚያው ላይ ነው።

«ፈንክሽናል ሜዲስን» የተባለው አካሄድ በአሜሪካ የራሱ ተቋም የቆመለት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። መነሻ አቤቱታው መደበኛው ምርመራ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ እንጂ የሰውነት አሠራር መዛነፍ ሲጀምር አያሳይም የሚል ነው። ይህን አቤቱታ ከነጭራሹ የሚያጣጥል ባለሙያ በሽተኛውን ይበድላል ብዬ አምናለሁ፤ በውስጡ እውነት አለና። ችግሩ ያለው አቤቱታው ላይ ሳይሆን መፍትሔ ተብለው በሚሸጡት ምርመራዎች ላይ ነው። ሁለቱን ለመለየት ግን በቅድሚያ ያ የተለመደ ወረቀት ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ማወቅ ያስፈልጋል።

ከእያንዳንዱ ውጤት ጎን የሚታተሙት ሁለት ቁጥሮች፣ ማለትም «ኖርማል ሬንጅ» የምንላቸው፣ ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። በተለመደው አሠራር ጤነኛ ናቸው የተባሉ ቢያንስ 120 ሰዎች ይለካሉ፤ ከውጤታቸው ዝቅተኛው 2.5 በመቶና ከፍተኛው 2.5 በመቶ ይቆረጥና መካከለኛው 95 በመቶ «መደበኛ» ተብሎ ይወሰዳል። ስለዚህ ምንም ሕመም ከሌለባቸው 20 ሰዎች አንዱ በአሠራሩ ምክንያት ብቻ ከክልሉ ውጭ ይወድቃል። አንድ ጤነኛ ሰው እርስ በርሳቸው የማይያያዙ 20 ዓይነት ምርመራዎችን ቢያደርግ ደግሞ ቢያንስ አንዱ «ከፍ ብሏል» ወይም «ዝቅ ብሏል» ተብሎ የመመለሱ ዕድል 64 በመቶ ገደማ ነው። «ሙሉ ምርመራ ይታይልኝ» የሚል ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ጭንቀት ይዞ የሚመለሰው በዚህ ሒሳብ ነው። ሁሉም ቁጥር እንዲህ የተገኘ አለመሆኑን ግን መናገር ይገባል፤ ለምሳሌ ምግብ ሳይበላ በተወሰደ ደም 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ስኳር መገኘቱ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ የሚባለው፣ ከዚያ ወሰን በላይ ዓይንን የመሳሰሉ አካላት ጉዳት እየጨመረ መሄዱ ስለታየ ነው።

የማነጻጸሪያ ክልሉ ከየትኞቹ ሰዎች ተወሰደ የሚለው ጥያቄ ደግሞ በእኛ አገር፣ በተለይ በእኛ ተራራ ላይ፣ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ተሳፋሪ ከሃያ ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከባሕር ወለል በላይ ናቸው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ ስለሚታመን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን ለመወሰን ከተለካው ቁጥር ላይ በከፍታው ልክ ተቀንሶ እንዲታይ ይመክራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባሻሻለው መመሪያ ከ1500 እስከ 1999 ሜትር ለሚኖር ሰው 1.1 ግራም፣ ከ2000 እስከ 2499 ሜትር ለሚኖር 1.4 ግራም በዴሲሊትር ይቀነሳል፤ ከዚያ በላይ ቅናሹም ይጨምራል። እንግዲህ ሄሞግሎቢኗ 13.3 የሆነ፣ እርጉዝ ያልሆነች ሴት እናስብ። ለሴት የተቀመጠው ወሰን 12 ስለሆነ ምንም ማስተካከያ የሌለው ወረቀት «ነፃ ነሽ» ይላታል። የኮምቦልቻ ነዋሪ ከሆነች ተቀንሶም 12.2 ስለሚሆን አሁንም ነፃ ናት። የደሴ ነዋሪ ከሆነች ግን ቢያንስ 1.4 ተቀንሶ 11.9 ወይም ከዚያ በታች ይሆንና የደም ማነስ ያለባት ተብላ ትመዘገባለች። ሴትዮዋ አንድ፣ ደሟ አንድ፤ የተለወጠው የምትኖርበት ከተማ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ማስተካከያውን ሠርቶ መገላገል ይቻል ነበር፤ ግን አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው፣ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ሆኖ አገኙት፤ የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢን በከፍታው ምክንያት እጅግ ሲጨምር፣ የእኛዎቹ ደጋማ ሰዎች ደም ግን አልጨመረም፤ ኦክስጅኑንም በደንብ ይሸከም ነበር። ለሌሎች ደጋዎች የተሠራው ቅናሽ በወሎ ደጋ፣ በመቅደላ ወይም በደላንታ ለተወለደች ሴት ሲሠራበት ጤነኛዋን «ደም አንሶሻል» ሊላት ይችላል፤ ቅናሹ ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ ሌላዋን በእውነት ያነሳትን ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን የሚፈታው ከዚሁ ሕዝብ፣ በየከፍታው ተለክቶ የሚገኝ ማነጻጸሪያ እንጂ በውጭ አገር የተሠራ የመሣሪያ መመሪያ ላይ የታተመ ክልል አይደለም።

በነጭ የደም ሕዋስ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ብዙ ጤነኛ ሰዎች በተፈጥሮ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋሳቸው ከአውሮፓውያን ያነሰ ነው፤ ደፊ ከተባለ የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ ውርስ እንጂ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ኢትዮጵያውያንና ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች በጋራ ባደረጉት ጥናትም የጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲዲ4 የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ከሆላንዳውያን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህን ያላወቀ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ በሽታ ፍለጋ ሊገባ፣ ወይም የሚያስፈልግ መድኃኒት ሊያቋርጥ ይችላል።

የፈንክሽናል ሜዲስን ሰዎች «ዘግይቶ ነው የሚያሳየው» የሚሉት ነገር በጣም እውነት የሚሆነው በብረት እጥረት ላይ ነው። ሰውነት ብረት ሲያጣ መጀመሪያ የሚያራቁተው ጎተራውን ነው፤ ጎተራውን የሚለካው ፈሪቲን የተባለው ምርመራ ነው። ሄሞግሎቢን የሚወርደው ጎተራው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ሄሞግሎቢኗ «ነፃ» የሆነች፣ ነገር ግን ብረቷ የተሟጠጠ፣ ደረጃ ስትወጣ የምትደክም፣ ፀጉሯ የሚረግፍ ሴት መኖሯ የሚያስገርም አይደለም። ለጤነኛ አዋቂ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች የሆነ ፈሪቲን እጥረትን ያሳያል። ነገር ግን ፈሪቲንም የራሱ ወሰን አለው፤ ኢንፌክሽን ወይም የሰውነት መቆጣት ካለ ከፍ ስለሚል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለታመመ አዋቂ ወሰኑ ወደ 70 ከፍ ብሎ እንዲታይ ይመክራል። ኩላሊትን የምናይበት ክሬቲኒንም እንዲሁ ነው፤ ኩላሊት ግማሽ ያህል አቅሙን እስኪያጣ ድረስ ክሬቲኒን በክልሉ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ከጡንቻም ስለሚመነጭ ሥጋቸው ባለቀ አረጋውያን ላይ ኩላሊቱ ደክሞም ቁጥሩ ያማረ ይመስላል። የሦስት ወር የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ የብረት እጥረት ባለበት ሰው ከፍ ብሎ፣ ደም በፈሰሰው ሰው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

አንዳንዱን በሽታ ደግሞ ደም ከነአካቴው አይናገረውም። ለወሎ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የጓያ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ጓያ ብቻ በተረፈበት ጊዜ በደላንታና ዳውንት ብዙ ሰዎች፣ በተለይ ወጣቶች፣ እግራቸው ተሳስሮ ቀርቷል። በጓያ ፍሬ ውስጥ ያለው መርዝ የሚጎዳው እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ነው፤ በተለመደው የደም ምርመራ የዚህ ሰው ውጤት ሁሉ ነፃ ሊሆን ይችላል። በሽታው የሚታወቀው ምን እንደበላና ለምን ያህል ጊዜ እንደበላ በመጠየቅና «እስቲ ተራመድ» ብሎ አረማመዱን በማየት ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የታወቀበት የሥጋ ደዌም ቢሆን የሚገኘው ቆዳን በማየት፣ ስሜት የጠፋበትን ቦታ በመንካትና ነርቭን በመዳሰስ ነው። ሳንባ ነቀርሳን በደም ውስጥ በሚገኝ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ለጀርም በሚያዘጋጀው መከላከያ፣ እናገኛለን የሚሉ የንግድ ምርመራዎችን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳይሠራባቸው አስጠንቅቋል፤ ያሳስታሉና። ሳንባ ነቀርሳን የሚገልጠው አክታ ነው፤ ጂንኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤቱን ይሰጣል። በሐይቅ ዳር ላደገ ሕፃንም ብልሃርዝያን የሚያሳየው ሰገራው ነው።

ከአማራጭ ምርመራዎች በፊት በገዛ ቤታችን ያለውን ስህተት መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት በብዛቱ ከእነርሱ የበለጠ ጉዳት ያደርሳል። ትኩሳት ይዞት የሄደ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ መመለሱ በእኛ ዘንድ የዘወትር ነገር ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸው እስኪረሳ ድረስ አብረው ይጠራሉ። ታይፎይድን ለማየት የምንጠቀምበት የዊዳል ምርመራ በፈረንሳዊው ሐኪም በፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 የወጣ ነው፤ ለታይፈስ የምንጠቀምበት ዌይል ፌሊክስ የ1916 ነው። ሁለቱም ጀርሙን ራሱን አያገኙም፤ ሰውነት ለጀርሙ ያዘጋጀውን አንቲቦዲ ይለካሉ። አንቲቦዲው ግን ከዓመታት በፊት ካለፈ ሕመም ወይም ከሌላ ተመሳሳይ ጀርም የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ወባም ቢሆን ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር የዊዳል ምርመራ ትርጉም የሚኖረው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ደም ሁለት ጊዜ ተወስዶ ቁጥሩ በአራት እጥፍ ሲጨምር ነው፤ እኛ ግን አንድ ጊዜ ብቻ እናያለን፣ በዚያው ቀንም መድኃኒት እንጀምራለን። የተሻለው፣ ጀርሙን ራሱን ከደም የሚያሳድገው የደም ካልቸር ቀናት ይፈጃል፤ እርሱም ከታማሚዎቹ የሚያገኘው ወደ 60 በመቶ ያህሉን ነው። በዚህ መሐል ከቃሉ ወይም ከባቲ ቆላ ይዞት የመጣው ወባ፣ ወይም ግርሻ፣ ወይም ሳንባ ነቀርሳ ሳይታይ ይቆያል፤ በየዓመቱ ሦስትና አራት ጊዜ የሚዋጠው አንቲባዮቲክም ጀርሙን ያላምደዋል።

የጨጓራ ባክቴሪያ በደም ሲመረመርም ነገሩ ይኸው ነው። አንቲቦዲው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል፤ መድኃኒቱን በሥርዓቱ ጨርሶ የዳነ ሰው በደም ተመርምሮ «አሁንም አለብህ» ይባልና ዳግመኛ ይጀምራል። ባክቴሪያውን ራሱን የሚፈልገው የሰገራ አንቲጂን ምርመራ በዚህ ይሻላል። ዩሪክ አሲዱ ከፍ ያለ ሁሉ ሪህ የለበትም፤ ሪህ በተነሣበት ቀን ደግሞ ዩሪክ አሲዱ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ ላይ የላብራቶሪዎቻችን ሁኔታ አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴውን ሆስፒታል ጨምሮ በወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ መሣሪያቸውም ተሰባብሯል፤ ከዚያ ወዲህ የተነሡት በባለሙያዎቻቸው ድካም ነው። ደም ተቀድቶ ፈሳሹ ከሕዋሱ ሳይለይ ሲቆይ በውስጡ ያለው ስኳር በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል፤ በመርፌ ተጎትቶ ሕዋሱ የፈረሰ ደም ፖታሲየሙ በሐሰት ከፍ ይላል። ከገጠር ጤና ጣቢያ በሞተር ተጭኖ የሚመጣ ናሙና ውጤቱ የሰውየውን ብቻ ሳይሆን የመንገዱንም ታሪክ ይይዛል።

እንግዲህ ወደ አማራጮቹ እንመለስ። በእኛ ዘንድ በስፋት ሲሠራበት ያየሁት መዳፍ ላይ ብረት አስይዞ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ አንጀትን፣ ካልሲየምን ሁሉ «ያነብባል» የሚባለው ኮምፒውተር ነው። የሰው ክሬቲኒን ወይም ፈሪቲን በደሙ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ መዳፍ በነካ ብረት የሚለካበት መንገድ በሳይንስ የለም። መሣሪያው አስቀድሞ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ቁመትንና ክብደትን መጠየቁን ልብ ይሏል፤ ለሃምሳ ዓመት ሴት «አጥንትሽ ሳስቷል» ለማለት ብረቱ አያስፈልግም። የምግብ አለመስማማትን እናሳያለን እያሉ አይጂጂ የተባለውን አንቲቦዲ የሚለኩ ምርመራዎች የላብራቶሪ መልክ አላቸው፤ የሚለኩትም ነገር በእርግጥ በደም ውስጥ አለ። ነገር ግን ያ አንቲቦዲ ሰውነት ምግቡን እንደሚያውቀው እንጂ እንደሚጎዳው አያሳይም፤ የአውሮፓ የአለርጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ ጉዳይ እንዳይሠራበት መክሯል። ዘወትር ጤፍና ምስር የምትበላ እናት በዚህ ምርመራ የሚነገራት «ጤፍና ምስር ተዪ» ተብሎ ነው፤ ታዲያ ምን ልትበላ ነው? በፀጉር የሚደረግ የማዕድን ምርመራም እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ተፈትኗል፤ የአንድ ሰው ፀጉር ለስድስት የአሜሪካ ላብራቶሪዎች ተልኮ በአንዳንዶቹ ማዕድናት ላይ በመካከላቸው ከ10 እጥፍ በላይ የሆነ ልዩነት ተገኝቷል። «አድሬናልሽ (ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ) ደክሟል» የሚያሰኘው፣ ኮርቲሶል የተባለውን የዚህን ዕጢ ሆርሞን በምራቅ የሚለካው ምርመራ ሌላው ነው፤ በሌሊት የሚወሰድ የምራቅ ኮርቲሶል ኮርቲሶል ለሚበዛበት ኩሺንግ ለተባለ በሽታ ትክክለኛ ምርመራ ሲሆን፣ ለድካም ግን የተረጋገጠ ትርጉም የለውም። አንድ ምርመራ ለአንድ ጥያቄ ትክክል ሆኖ ለሌላው ዋጋ ቢስ መሆኑ እዚህ ላይ በደንብ ይታያል።

ሰዎች ለምን ወደዚያ እንደሚሄዱ ግን ይገባኛል። ሐኪሙ ፊት ሦስት ደቂቃ ያገኘ ሰው ብረት አስያዡ ዘንድ ግማሽ ሰዓት ይደመጣል። ለሕመሙ ስም ይሰጠዋል፣ «እውነትህን ነው፣ አሞሃል» ይባላል። በሆስፒታል ያጣው ይህን ነው፤ ማጣቱም ትክክለኛ በደል ነው።

አክስቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ድካም ሲያሰቃያቸው ከወሰዱት ምርመራ ሁሉ ነፃ ነበሩ። በመጨረሻ ያን ብረት ያዙ፤ ጉበትዎ ደክሟል፣ አንጀትዎ መርዝ ይዟል ተብለው ለሦስት ወር የሚሆን ዱቄት ገዝተው መጡ። «ልጄ፣ እነዚያ ምንም የለብሽም ይሉኛል፣ እነዚህስ አገኙልኝ» ሲሉኝ የምመልሰው አጥቼ ዝም አልኩ። በኋላ ግን የቆዩ ወረቀቶቻቸውን ከሣጥን አውጥተን በቀናቸው ደረደርናቸው። ሄሞግሎቢናቸው መጀመሪያ 14.1፣ ቀጥሎ 13.4፣ በመጨረሻ 12.4 ነበር፤ በሦስቱም ወረቀት ላይ ከጎኑ የተጻፈው ነፃ የሚል ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲነበብ ምንም አይናገርም ነበር፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲታዩ ግን የሚወርድ ነገር እንዳለ ያሳያሉ።

ወረቀቶቹን ይዘን አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባን። ሐኪሟ ፈሪቲን አዘዘች፤ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተልኮ ዝቅተኛ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ በፊት ግን፣ ወረቀቶቹን ገና በእጇ እንደያዘች፣ «እትዬ፣ የወር አበባዎ ስንት ቀን ይቆያል?» ብላ ጠየቀቻቸው። አክስቴ አንገታቸውን ደፍተው «ዘጠኝ፣ አሥር ቀን፤ አሁን አሁን ይብሳል» አሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።